በሁለት ጎማ ላይ ለምትቆመው ልጄ

ልጄ፣ ሥራ አገኘሁ ብለህ የደወልክልኝ ቀን ደስ አለኝ፤ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ትንሽ ፈራሁ። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ቱሪስት በሴግዌይ ማዞር ከውጭ ለሚያየው ጨዋታ ይመስላል። ቆሞ መሄድ ምን ይከብዳል? እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁበት። አሥራ አንድ ዓመት ከሊንከን መታሰቢያ እስከ ካፒቶል ስመላለስ ኖርኩ። ከዚያ በፊት ታክሲ ነድቻለሁ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ፤ እግሬን እንደ ሴግዌይ የበላው ሥራ ግን የለም። ባለፈው እሁድ እናትህ ቤት ሶፋው ላይ ተዘርረህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ «ጋሼ፣ ጣቶቼ የሉም እኮ» ስትለኝ ሳቅኩብህ። ጣቶችህ አሉ፤ የጠፋው አቋቋምህ ነው።

በጽሑፍ ያደረግኩት፣ በአፍ ስነግርህ «እሺ ጋሼ» እያልክ ስልክህን ስለምታይ ነው። ክፋት የለብህም፣ ታዛዥ ነህ፤ ግን ችላ ትላለህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌልሃለሁ። ተራ በተራ አንብበው፤ እየዘለልክ አትለፈው።

1. የቆምክበትን ነገር እወቀው። ሴግዌይን የፈለሰፈው ዲን ኬመን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ለሕዝብ ያሳየውም ዲሴምበር 3 ቀን 2001 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደረጃ የሚወጣና በሁለት ጎማ ቀጥ ብሎ የሚቆም የአካል ጉዳተኞች ወንበር ሠርቶ ነበር። ይኸኛው ማሽን ውስጡ አምስት ጋይሮስኮፕ አለው፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል «ይህ ሰው ወዴት ዘመመ?» እያለ ይለካል። ወደ ፊት ስታዘነብል መቆሚያው አብሮህ ያዘነብላል፤ ሞተሩም ሊወድቅ ነው ብሎ ጎማውን ከሥርህ ያደርስልሃል። ወደ ኋላ ስትል ደግሞ ወደ ኋላ ያመጣልሃል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ አንተን ከመውደቅ ማትረፍ ነው። የነዳጅ ፔዳል የለው፣ የፍሬን ፔዳል የለው። ሁለቱንም የያዘው ውስጥ እግርህ ነው። ስለዚህ እግርህ የደነዘዘ ቀን ያለ ፍሬን እየነዳህ ነው ማለት ነው። የእግር ምቾት የሽማግሌ ነገር ነው የሚልህ ጓደኛህ ቢኖር፣ ይህንን አንብብለት።

2. መብራቱን ሳታይ አትውጣ። በጁን 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሜይን በሚገኘው የቤተሰባቸው ግቢ ሴግዌይ ላይ ሲወጡ ማሽኑ ከሥራቸው ከዳቸው፤ እንደ ዕድል ሆኖ በእግራቸው አረፉ። ማሽኑ አልበራም ነበር ነው የተባለው። ያልበራ ሴግዌይ ሁለት ጎማ የተገጠመለት ብረት ነው፤ ፕሬዚዳንትም ቢሆን አይሸከምም። አንተ ደግሞ ማለዳ ስምንት ማሽን አሰልፈህ፣ ቱሪስቱ እየጠበቀህ፣ ቡናህን ሳትጨርስ ነው የምትወጣው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ሚዛኑን መያዙን መብራቱ እስኪነግርህ ጠብቅ፣ አንዱን እግር አሳርፍ፣ ሁለተኛውን ሳታመነታ አስከትል። አንዱ እግርህ መሬት፣ ሌላው መቆሚያው ላይ ሆኖ ወሬ አትጀምር።

3. እግርህን መሃል አሳርፍ፤ ሁለቱንም እኩል። ይህቺን አንዷን ብትይዝልኝ ሌላውን ብትረሳ እንኳ ይቅር እልሃለሁ። ሴግዌይ ሚዛኑን የሚጠብቀው ሁለቱ ጎማዎች በሚዞሩበት መሥመር ላይ ነው። የእግርህ መሃል በዚያ መሥመር ላይ ሲያርፍ፣ ቀጥ ብለህ ስትቆም እሱም ይቆማል። እግርህን ወደ ፊት አስጠግተህ ከቆምክ ማሽኑ ወደ ፊት ልሂድ ይላል፤ አንተም እንዲቆምልህ ሳታውቀው ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ትለጠጣለህ፣ ማታ ወገብህን ያምሃል። ተረከዝህ ከኋላው ጠርዝ ከተንጠለጠለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ታጎነብሳለህ፣ ክብደትህ በሙሉ ከጣቶችህ ሥር ይሰበሰባል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶቼ የት ሄዱ ትላለህ። አንተ 45 ቁጥር ጫማ የምታደርግ ልጅ ነህ፤ ጥፋትህ ይኸኛው ነው። ኋይት ሀውስ ፊት ለፊት ቆመህ ለእንግዶችህ ስታወራ ከማዶ አይቼሃለሁ። ተረከዝህ አየር ላይ ነበር።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ደልዳላ አስፋልት ላይ ቁም፣ መሪውን በጣቶችህ ጫፍ ብቻ ንካ፣ አርቀህ ፊት ለፊት እይ፣ በረጅሙ ተንፍስ። ማሽኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚል ከሆነ፣ የምትለው አንተ ነህ። ወርደህ፣ አንድ ጣት ያህል አስጠግተህ ወይም አርቀህ እንደገና ቁም። ዝም የሚልበት ቦታ አለ። እኔ ያንን ቦታ ሳገኝ የጫማዬን ተረከዝ ዙሪያ መቆሚያው ላይ ባለው የላስቲክ ምንጣፍ በነጭ ጠመኔ አስምሬበት ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «ፖሊስ ሬሳ የሚከብበው እንዲህ ነው» እያሉ ሳቁብኝ። ከሳምንት በኋላ ጠመኔህን አውሰን እያሉ መጡ። ጠመኔው በዝናብ ይጠፋል፤ እግርህ ግን በሦስት ሳምንት ቦታውን ይለምደዋል።

ጣቶችህ ቀጥ ብለው ወይም ጥቂት ወደ ውጭ ዞረው ይሁኑ፤ ወደ ውስጥ ከዞሩ የጉልበትህን ጎን ያምሃል። እንደ አውቶቡስ ጠባቂ በአንድ ዳሌህ ተደግፈህ አትቁም። መሬት ላይ ብትሆን ማንም አይቀጣህም፤ ማሽኑ ላይ ግን አንዱ እግር የሁለቱን ሥራ ይሠራል፣ ከቀትር በኋላም ጉልበትህ ይከሰሃል።

4. ጣቶችህን አትጨብጥ። ሰው ሲፈራ በእጁ የሚጨብጠው ሲያጣ በእግሩ ይጨብጣል። እኔ የመጀመሪያውን ወር የካፒቶልን ቁልቁለት የምወርደው ጣቶቼን ጫማዬ ውስጥ እንደ ዶሮ ጥፍር አጥፌ ነበር። ፈርቻለሁ ብዬ ለራሴ አልነገርኩትም፤ እግሬ ግን ያውቃል። የታጠፈ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይጨነቃል፣ ነርቭ ይጫናል፣ ደም በደንብ አይዞርም፤ መጀመሪያ ይነዝራል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። መፍትሔው የትራፊክ መብራት ነው። ቀይ በያዘህ ቁጥር ጣቶችህን ጫማህ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዘርጋና እጠፋቸው። አልዘረጋ ካሉህ ሳታውቅ ጨብጠሃል፤ ወይም ጫማህ ጠቧል። አያቴ በቅሎ ሲጋልብ በባዶ እግሩ ሆኖ እርካቡን በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መሃል ቆንጥጦ ይይዝ ነበር፤ የዱሮ ፈረሰኛ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚረግጠው። ለበቅሎ ይሆናል። በቅሎ ግን የራሷ ልቡናም አላት፤ ሲጨንቅህ አይታ ትቆማለች።

5. ጉልበትህ ድርቅ አይበል። ትንሽ ይለዝብ፤ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ገና እንዳሰብክ ያህል ብቻ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መንገዱ የሚልክልህን ድንጋይና ጉድጓድ ጉልበትህ ካልተቀበለው ወገብህ ይቀበለዋል። ሁለተኛው ባትህ ነው። ልብ ደሙን ወደ እግር ይልካል፤ ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው ግን በአብዛኛው የባት ሥጋ ነው፣ ያውም ሲንቀሳቀስ ብቻ። ሰልፍ ላይ ደርቆ የቆመ ወታደር ተዝለፍልፎ ሲወድቅ የምታየው ለዚህ ነው። ሴግዌይ ደግሞ መጥፎ ጠባዩ ይህ ነው፤ ሄድኩ ሄድኩ ይመስልሃል እንጂ እግርህ አንድ እርምጃ አልተራመደም። ሁለት ሰዓት ስትዞር ውለህ እግርህ የሚያውቀው ሁለት ሰዓት መገተርን ነው።

ማኅሌት ሲቆም ልብ ብለህ አይተህ ታውቃለህ? ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚቆሙት። ነገር ግን እንደ ምሰሶ የተተከለ የለም፤ መቋሚያውን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይዘማል፣ ጉልበቱን ይሰብቃል፣ እግሩን ይቀያይራል። የዝማሜውን ምሥጢር ሊቃውንቱ ይንገሩህ፤ ለእግር መድኃኒት መሆኑን ግን እኔ እመሰክራለሁ። አንተም ቀጥ ባለ ሰፊ መንገድ ላይ ስትሆን ክብደትህን በቀስታ ወደ አንዱ እግር፣ ከዚያ ወደ ሌላው አሳልፍ። ጉልበትህን ዝቅ ከፍ አድርግ። እግርህን ግን አታንሳ። ከምንጣፉ ሥር አንተ መኖርህን የሚያውቁ ሴንሰሮች አሉ፤ እግር ሲነሳ ማሽኑ ይህ ሰው ሊወርድ ነው ብሎ ይጠራጠራል።

6. መሪው ወገብህ ጋ ይድረስ። ከፍ ካለ ትከሻህ ይነሳል፤ ዝቅ ካለ ታጎነብሳለህ፣ ጣቶችህም ሸክሙን ይቀበላሉ። ጠዋት ከአንተ በፊት የነዳው ሰው አጭር ከነበረ አስተካክለው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መሪ ለመያዝ ነው እንጂ ለመንጠልጠል አይደለም። ከ2006 ወዲህ የወጡት መሪውን ወደ ጎን በማዘንበል ነው የሚታጠፉት፤ የዱሮዎቹ የሚታጠፉት በግራ እጅ መያዣውን በመጠምዘዝ ነበር። ስትታጠፍ ሰውነትህ መሪውን ተከትሎ ይዝመም፤ ውስጥ እግርህም በሚታጠፈው በኩል ሲከብድ ይሰማህ። የማይሰማህ ከሆነ ደርቀሃል፣ ወደ አምስተኛው ተመለስ።

7. ጫማህን ለእግርህ ግዛ እንጂ ለፎቶ አትግዛ። ያቺ ነጭ፣ ሶልዋ እንደ ትራስ የሆነች ስኒከርህ ለሩጫ ትሆን ይሆናል። ለዚህ ሥራ ግን ትዋሻለች። ለስላሳና ወፍራም ሶል ላይ ስትቆም እግርህ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፤ አንተ ልብ ሳትለው ቁርጭምጭሚትህ ሚዛን ሲያስተካክል ይውላል፤ መቆሚያው ጣትህ ሥር ብድግ ሲልም ቶሎ አትሰማውም። ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለ፣ የማያዳልጥ ሶል ፈልግ። ተረከዙ ከፊቱ ብዙ ከፍ ያላለ ይሁን። ሸበጥ በጭራሽ፤ እሱ ላይ እግር የሚቆየው ጣት በመጨበጥ ነው፣ ጨብጥ አልኩህ እንዴ?

ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው። እግር እየዋለ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠብሃል። ክሩን ከታች በኩል፣ ጣቶችህ ጋ ላላ አድርገህ ከላይ ወደ ቁርጭምጭሚትህ ስትደርስ ጠበቅ አድርገው። አንተ ሁሉንም አንድ ላይ ጎትተህ ነው የምታስረው፣ የእግርህ ጀርባ ላይ የክሩ መሥመር ታትሞ አይቼዋለሁ። ግማሹ መደንዘዝህ ከዚያ የመጣ ነው። የጥጥ ካልሲ በሐምሌ ሙቀት ላብ ይጠጣና እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ውኃ መቋጠር ነው። ቶሎ የሚደርቅ ካልሲ አድርግ፣ ቦርሳህ ውስጥ ሁለተኛ ያዝ፣ ምሳ ሰዓት ቀይር። በጥር ብርድ ደግሞ ሁለት ካልሲ ደርበህ የጠበበ ጫማ ውስጥ አትጠቅጥቅ፤ ብርዱ ካላደነዘዘህ ጥበቱ ያደነዝዝሃል።

8. ምንጣፉን ገልብጠህ እይ። የምትነዳው ማሽን አዲስ አይደለም፤ ፋብሪካው ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ይሠራ የነበረውን ይህን ዓይነት በጁላይ 2020 አቁሟል። የምትቆምበት ላስቲክ ስንት ሰው ቆሞበታል! መሃሉ ላይ ልሟል፣ ጠርዙ ደርቋል። የደረቀ ላስቲክ የመንገዱን ንዝረት እንዳለ ለእግርህ ያቀብላል። ወፈር ያለ የምቾት ምንጣፍ ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ አለቃህን ጠይቀው፣ ሁለቴ ጠይቀው። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት አንስተህ ሥሩን ጥረግ። እዚያ የገባች አንዲት ጠጠር ከረፋዱ ጀምሮ አንዱን እግርህን ብቻ ታሳምምሃለች፤ አንተም ጫማውን ትረግማለህ።

9. በየሃያ ደቂቃው ውረድ። ቱሪስቱ ፎቶ ሲያነሳ አንተ ማሽኑ ላይ ቆመህ የምትጠብቀው እንደ ጀግንነት ነው? ውረድ። ጀፈርሰን መታሰቢያ ጋ ስትደርስ ማሽኑን አጥፍተህ አቁም፣ ሃምሳ እርምጃ ወደ ውኃው ሂድ፣ ተመለስ። ዳር ይዘህ መሬት ላይ ቆመህ ተረከዝህን አሥራ አምስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርግ፤ ባትህ ትንሽ ሲሞቅ ታውቀዋለህ። በሊንከን መታሰቢያ ደረጃዎቹን እንግዶችህን አስከትለህ አንተው ራስህ ውጣ። ለእነሱ ታሪክ ትነግራለህ፣ ለእግርህ ደም ትልካለህ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መውረድ ስንፍና መስሎኝ ከማሽኑ ሳልወርድ ሦስት ዙር እሠራ ነበር። ያኔ ያተረፍኩትን ዛሬ ብትጠይቀኝ አላስታውሰውም።

10. መንገዱን በእግርህ አንብበው። ናሽናል ሞል ዳርና ዳሩ ጠጠር ነው፤ ጠጠር ላይ ጎማው ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ቀስ በል፣ ጉልበትህን አለዝብ፣ ድንገት አትታጠፍ። ጆርጅታውን ደግሞ ጡቡና ኮብልስቶኑ አለልህ፤ ኦ ስትሪትና ፒ ስትሪት ላይ የዱሮው ትራም ሐዲድ እስካሁን አለ። ሐዲድ በአግድም ነው የሚሻገሩት። በሰያፍ ከገባህ አንዱ ጎማ ይያዛል፣ ሌላው ይሄዳል፣ አንተ መሃል ላይ ነህ። በኦገስት 2015 ቤጂንግ ላይ ዩሴን ቦልት 200 ሜትር አሸንፎ ሕዝቡን እያመሰገነ ሲሄድ፣ ካሜራ የያዘ ሰው ከነሴግዌዩ ከኋላ መጥቶ እግሩን ጠልፎ ጣለው። የሰውየው ጎማ መም ዳር ካለ ሐዲድ ጋር ተላትሞ ነበር። በዓለም ፈጣኑን ሰው እግሩን ሊያሳጣው የነበረው ያቺ ትንሽ ብረት ናት። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በማሽኑ ለመውጣት አትሞክር፤ ውረድና አሳልፈው።

11. ማሽኑ ወደ ኋላ ሲገፋህ እሺ በል፤ እግርህንም አታውርድ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሞላው መሪው ወደ አንተ ይመጣል፣ የመቆሚያው ፊት ጣቶችህ ሥር ብድግ ይላል። በቃ እያለህ ነው። ወጣት ሁሉ እዚህ ጋ ጣቱን ተጭኖ ይታገለዋል። አትታገል፤ ክብደትህን ወደ ተረከዝህ መልሰው።

ሲደናገጡ አንድ እግር ወደ መሬት መጣል ከብስክሌት የመጣ ልማድ ነው። ብስክሌት ቀላል ነው፣ ይቆምልሃል። ይኼኛው 47 ኪሎ ይመዝናል፤ አንዱ እግርህ ገና ላዩ ላይ ስለሆነ አልወረደም ብሎ መሄዱን ይቀጥላል፣ ጎማውም የወረደውን እግር ያገኘዋል። የእኔ የግራ ቁርጭምጭሚት ያበጠው እንደዚያ ነው፣ ስድስት ሳምንት አስቀምጦኛል። በ2006 ደግሞ እስከዚያ የተሸጡት 23,500 ያህል ማሽኖች ለእርማት ተጠርተው ነበር፤ ፍጥነቱ ተገድቦ ወደ ኋላ የገፋው ሰው ወርዶ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ተመልሶ ሲረግጠው ጎማው ወደ ኋላ ሊዞርበት ይችል ስለነበር ነው። በሶፍትዌር ተስተካክሏል። ያም ሆኖ ልማዱን አትያዝ፤ ወረድክ ማለት ወረድክ ነው። ሙሉ በሙሉ አቁመህ፣ መሪውን ሳትለቅ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ፣ ሁለተኛውን ወዲያው አስከትለህ ውረድ። ስትወርድ መሪውን ወደ ራስህ አትሳበው፤ ይከተልሃል።

ሄልሜትህንም አድርግ፤ እግር ላይ አይደረግም ብለህ እንዳትስቅብኝ። እዚሁ ከተማ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ድንገተኛ ክፍል የደረሱ 41 የሴግዌይ ጉዳተኞችን መዝግበው ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ሆስፒታል ተኝቷል። ሄልሜት አድርገው የነበሩት ሰባት ናቸው።

12. የእንግዶችህን እግር ከፊታቸው በፊት እይ። ታኮ ጫማ ያደረገችውን ሴትዮ በትሕትና አስቀይር። ከ45 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ ማሽኑን ለማቆም ክብደቱ አይበቃውም፤ ከ118 ኪሎ በላይ የሆነውንም አታውጣ፣ ሲጠየቅ ቅር ቢለውም ጠይቀው። በመንገድ ላይ ዝም ያለና መሪውን አንቆ የያዘ ሰው ካየህ ጣቶቹን ጨብጧል ማለት ነው። «ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ እስቲ» በለው። ፊቱ ሲፈታ ታያለህ።

13. የማይለቅህን ድንዛዜ አትሸፍን። ከወረድክ፣ ከተራመድክ፣ ጫማህን ካላላህ በኋላ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ድንዛዜ የአቋቋም ነው፤ ከላይ ያልኩህን አድርግ። ማታም አብሮህ የሚተኛ፣ ጠዋትም አብሮህ የሚነሳ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂድ። በቤታችን ስኳር አለ፤ አያትህ ነበረባቸው፣ እኔም አለብኝ። አንተም ተመርመር።

ሥራውን ለምን እንደተውኩ ሁለት ጊዜ ጠይቀኸኝ ወሬ ቀይሬብሃለሁ። አንድ ማክሰኞ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ደም አየሁ። ጫማዬን ገልብጬ ባራግፈው የሽምብራ ፍሬ የምታህል የናሽናል ሞል ጠጠር ወለሉ ላይ ወደቀች። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜባት ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ስድስት ሰው ከኋላዬ አስከትዬ ቁልቁለቱን ወርጃለሁ፣ ሐዲድ ተሻግሬያለሁ፣ በእግሬ እያቆምኩ በእግሬ እየነዳሁ፤ እግሬ ግን ከእኔ ጋር አልነበረም። በማግስቱ የማሽኑን ቁልፍ ለአለቃዬ መለስኩ።

ማሽኑ መሠራት ሲያቆም ገዝቼ ያስቀመጥኩት አንድ ጥንድ አዲስ የምቾት ምንጣፍ ጋራዥ ውስጥ አለ፣ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ፣ ፌስታሉ አልተፈታም። እሁድ ከቅዳሴ ስትወጣ ጎራ በልና ውሰደው። ጫማህንም አድርገህ ና፤ ክሩን እንዴት እንዳሰርከው አያለሁ።